በረኪናው ብቻውን አልገደለም፦ በርሊንግተን ኩሽና ውስጥ የሆነው (የጉዳይ ጥናት)

ሐሙስ ቀን ነው፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 7 ቀን 2019፣ በኛ ጥቅምት 27 ቀን 2012። ከቦስተን ትንሽ ወደ ሰሜን ወጣ ስትሉ በርሊንግተን የምትባል ከተማ አለች፣ እዛ ያለው ቡፋሎ ዋይልድ ዊንግስ፣ ያው ሰው ኳስ እያየ የዶሮ ክንፍ የሚበላበት ቤት ማለት ነው፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ የእራት ሰው እየተቀበለ ነበር። ኩሽና ውስጥ ቀደም ብሎ ስኬል ክሊን የሚባል ማጽጃ ወለል ላይ በስህተት ፈሷል። ይሄ አሲድ ነው፣ ማሽን ላይ ውሃው እየደረቀ የሚተወውን ነጭ ኖራ የሚመስል ነገር የሚያስለቅቅ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሰራተኛ መጣና ወለሉን ለማጽዳት ሱፐር 8 የሚባለውን አፈሰሰበት። ሱፐር 8 ደግሞ በቃ ጠንከር ያለ የሬስቶራንት በረኪና ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም።

ሁለቱ ሲገናኙ ፈሳሹ አረንጓዴ ሆኖ አረፋ እየደፈቀ መፍላት ጀመረ። ሰራተኛው ሽታው ሲያጥወለውለው ጥሎ ወጣ፣ የቀሩትም ወጡ፣ ደንበኞቹም እንዲወጡ ተደረገ። ማናጀሩ ግን የወለል ውሃ መግፊያውን ጎማ ይዞ ፈሳሹን በበሩ በኩል ወደ ውጭ ሊገፋው ሞከረ፣ እዛው እየገፋ ሳለ ጋዙ ጣለው። እዛው ከተማ ያለው ላሂ ሆስፒታል ወሰዱት፣ አልተረፈም። ከሱ ሌላ ቢያንስ አስር ሰው፣ ሰራተኛም ደንበኛም፣ ትንፋሽ እያጠረው አይኑ እየለበለበው ሆስፒታል ሄዷል።

መጀመሪያ የወጣው ዜና ስለ ሱፐር 8 ብቻ ነበር የሚያወራው፣ ሰውም ወዲያው "ይሄ ሱፐር 8 የሚባል መርዝ ምንድነው፣ ለምንድነው የማይታገደው" ማለት ጀመረ፣ ሁለት ኬሚካል መቀላቀሉን የእሳት አደጋ ሰዎቹ ያስረዱት በኋላ ነው። እኔን ጉዳዩን እንድጽፈው ያደረገኝም ይሄ ነው። ሱፐር 8 በየሬስቶራንቱ በየቀኑ ይፈሳል ሰው አይሞትም። ስኬል ክሊንም እንደዛው። ሁለቱም ሕጋዊ፣ ሁለቱም መለያ የተለጠፈባቸው፣ ሁለቱም እዛ ኩሽና ውስጥ በቂ ምክንያት ኖሯቸው የተቀመጡ ናቸው። እና የትኛው ኬሚካል ነው አደገኛው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ የትኛውም ጀሪካን ላይ አልተጻፈም፣ አደጋው ያለው አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ለብቻው የአደገኛነት ደረጃ ማውጣት ግማሽ ስራ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

በረኪና እንዴት እንደሚሰራ ካወቃችሁ የቀረው በራሱ ይገባችኋል። ፋብሪካው ክሎሪን ጋዝ ይወስድና ኮስቲክ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ያሳልፈዋል፣ ጋዙ ከሶዳው ጋር ይዋሃድና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት እና ተራ የገበታ ጨው ይሆናል፣ ሁለቱም እዛው ፈሳሽ ውስጥ ይቀራሉ። በረኪና ማለት እንግዲህ በገመድ የታሰረ ክሎሪን ነው፣ ገመዱ የሶዳው አልካላይነት፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ መሆኑ ነው፣ አሲድ ስትጨምሩበት ገመዱ ይበጠስና የገባው ጋዝ ተመልሶ ይወጣል። የግድ የባትሪ አሲድ ምናምን መሆን የለበትም። ጨውም ክሎሪኑም እዛው ስላሉ ማንኛውም አሲድ፣ የሽንት ቤት ማጽጃም ይሁን አቼቶ ወይ ሎሚ፣ ያንኑ ስራ ነው የሚሰራው፣ ልዩነቱ የፍጥነትና የመጠን ነው። በርሊንግተን ላይ ነገሩን ከባድ ያደረገው በሁለቱም ወገን ያለው ለንግድ ቤት ተብሎ የተዘጋጀ ጠንካራ መሆኑ ነው፣ አሜሪካ ሱፐርማርኬት የሚሸጠው የቤት በረኪና ራሱ ከ5 እስከ 8 በመቶ ገደማ ሃይፖክሎራይት ነው ያለው።

ክሎሪን ጋዝ ማለት ሚያዝያ ውስጥ፣ በፈረንጅ ኤፕሪል 22 ቀን 1915፣ ጀርመኖች ቤልጂየም ኢፕር አጠገብ ከሲሊንደር እየለቀቁ በነፋስ ወደ ፈረንሳይ ምሽግ የሰደዱት ያው ጋዝ ነው። ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ስለሚከብድ ወደ ላይ ሄዶ አይጠፋም፣ ምሽጉ ውስጥ ነው የወረደው። ኩሽና ውስጥም ያው ነው፣ ወለል ላይ ይንፏቀቃል፣ ጎንበስ ብሎ የሚሰራ ሰው አፍንጫው የሚደርሰው ደግሞ እዛው ነው። ሳንባ ውስጥ ሲገባ ከእርጥበቱ ጋር ተዋህዶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ሃይፖክሎረስ አሲድ ይሆናል፣ በሌላ አነጋገር ሳንባው ራሱ ከውስጥ እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። አሞኒያ ቶሎ ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ አይንና ጉሮሮ ላይ ብዙውን ይጨርሳል፣ ክሎሪን ግን መካከለኛ ነው፣ ላይኛውንም ይለበልባል ወደ ታችም ይወርዳል። በዛ ላይ ሳንባ ውስጥ ውሃ መቋጠሩ ወዲያው ላይመጣ ይችላል፣ ከሰዓታት በኋላ ነው አንዳንዴ የሚብሰው። ማርከሻ የለውም። ኦክስጅን፣ የአስም ሰው የሚወስደው አይነት የትንፋሽ መክፈቻ፣ ከበድ ሲል የመተንፈሻ ማሽን፣ በቃ ይሄው ነው።

አሜሪካ ውስጥ የሰራተኛ ደህንነት ሕጉ ሰራተኛ ለአፍታም ቢሆን ከ1 ፒፒኤም በላይ ክሎሪን መተንፈስ የለበትም ይላል፣ ማለትም በሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ አንድ። 10 ፒፒኤም ሲደርስ ለሕይወት ወዲያውኑ አስጊ ነው ተብሎ ይመደባል። በጎ ጎኑ ሽታው ነው፣ ሰው ክሎሪንን ከ1 ፒፒኤም በታችም እያለ ያሸተዋል፣ ስለዚህ ሳያስጠነቅቅ የሚገድል ጋዝ አይደለም። ይሄን ያዙልኝ፣ ወደታች ስለ ከሰል ሳወራ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ሽታ ካለው፣ አይን የሚለበልብ ከሆነ፣ ሰው ሁሉ እየወጣ ከሆነ፣ እንዴት ሰው ሞተ? እኔ የጉዳዩ እምብርት ውሃ መግፊያው ጎማ ነው ባይ ነኝ። ፈሳሹን ስትገፉት ተደፍቶበት ከነበረው ቦታ ይዘረጋል፣ ስስ ሆኖ ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ ያልተገናኘው አሲድና በረኪና ይገናኛል፣ ያልወጣው ጋዝ ይወጣል። የሚገፋው ሰው ደግሞ ጉልበት እያወጣ ስለሆነ በደንብ ይተነፍሳል፣ ጎንበስ ብሏል፣ እርምጃ በተራመደ ቁጥር ከፈሳሹ ጋር አብሮ ነው የሚሄደው። ማንም ሳይነካው እዛው ቢፈላ ኖሮ አሲዱ ወይ በረኪናው ሲያልቅ ሪአክሽኑ በራሱ ይቆም ነበር፣ ወለሉም ቢበላሽ ወለል ነው። ትክክለኛው ነገር መውጣት፣ የኩሽናውን በር ዘግቶ መሄድ፣ 911 መደወል፣ ከዛ የአየር ሲሊንደር ጀርባቸው ላይ ያዘሉት የእሳት አደጋ ሰዎች ሲመጡ የፈሰሰው ምንና ምን እንደሆነ መንገር ነው።

ግን ይሄን ቁጭ ብሎ መጻፍ ይቀላል። ሬስቶራንት የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ ወለል ላይ የሆነ ነገር ከፈሰሰ እጅ ሳያስቡት ነው ወደ መወልወያው የሚሄደው፣ እንግዳ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ማናጀር የሆነ ሰው ደግሞ "ጥዬ ልውጣ" የሚለው ሃሳብ አይመጣለትም። ሰውየው ሰው አስወጥቶ እሱ ቀረ። ጥፋተኛ እየፈለግኩ አይደለም፣ የስራው ልማድ ራሱ ወደዛ ነው የሚገፋው ነው የምለው፣ ስልጠና የሚያስፈልገውም እዛ ጋ ነው፣ ኬሚካል አትቀላቅሉ ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ጥሩ ነው ግን እዚህ ማንም ልቀላቅል ብሎ አልቀላቀለም። አንዱ ፈሶ ቀረ ሌላው ተደፋበት። ስለዚህ ግድግዳው ላይ መጻፍ የነበረበት ሌላ ነው፣ የፈሰሰ ነገር ላይ ምን እንደሆነ ሳታውቁ ምንም አትድፉ፣ አረፋ ካወጣ ወይ ከሸተተ ውጡ።

አሁን ደግሞ እነዚህ ነገሮች በምን ያህል ቀላሉ እንደሚገኙ እናውራ። ክሎሪን ጋዝ በሲሊንደር ልግዛ ብትሉ በዋዛ አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ 1,500 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 680 ኪሎ ክሎሪን የሚያስቀምጥ ድርጅት ኦሻ የሚባለው የሰራተኛ ደህንነት መስሪያ ቤት ልዩ የደህንነት ደንብ ውስጥ ይገባል፣ ወረቀቱ ራሱ መጽሐፍ ነው። ያው ክሎሪን በሶዳ ታስሮ ሲመጣ ግን ከወተት መደርደሪያ ሁለት መተላለፊያ አልፎ በጥቂት ብር ይሸጣል። መሸጡ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም! በረኪና ባይኖር የኮሌራውና የተቅማጡ ሬሳ ይበልጥ ነበር፣ እኛ አገር የመጠጥ ውሃ ማከሚያ ተብሎ የሚሸጠው ውሃ አጋር ያው ሃይፖክሎራይት ነው በጣም የቀጠነ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ መሳሪያ የሚዘፈዘፍበት 0.5 በመቶ ክሎሪንም ያው ነው። የምለው ቁጥጥሩ ያለው ስሙ የሚያስፈራው ላይ ነው፣ ከሰው እጅ ጋር ውሎ የሚያድረው ላይ ግን ያለው አንድ ወረቀት መለያ ብቻ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ያቺም ወረቀት የለችም። በየሰፈሩ በረኪና የሚሸጠው በሃይላንድ ነው፣ ክዳኑ በሚስማር ተበስቶ፣ ላዩ ላይ የድሮው የውሃ ማስታወቂያ እንደተለጠፈ፣ አንዳንዱ ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላ አንዳንዱ ውሃ የመሰለ። ስንት በመቶ እንደሆነ የሚያውቀው የበጠበጠው ሰው ነው፣ እሱም ካወቀ። ጎኑ ላይ ምን ይቀመጣል? ላርጎ፣ ኦሞ፣ ለሽንት ቤት የሚሆን አሲድ፣ አንዳንድ ቤት ነጭ ጋዝ፣ ሁሉም በሃይላንድ። የሽንት ቤት መቀመጫው ከቢጫነቱ አልለቅ ሲል ሰው የሚያደርገውን ታውቁታላችሁ፣ አሲዱን ይደፋል፣ ይፈገፍጋል፣ አልለቅ ሲለው "ላጠናክረው" ብሎ በረኪና ይጨምርበታል፣ መስኮት የሌላት አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ክፍል ውስጥ፣ በሩ ገርበብ ብሎ። ሃርፒክ የመሳሰሉት የሽንት ቤት ማጽጃዎች ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው ያላቸው፣ በርሊንግተን ላይ የሆነውን በትንሹ ለመድገም ሌላ ምንም አይጠይቅም። አሲድ ሳይኖርም ችግር አለ፣ ሽንት የቆየበት ቦታ ላይ በረኪና ሲደፋ ከአሞኒያው ጋር ተገናኝቶ ክሎራሚን የሚባል ሌላ ጋዝ ይወጣል፣ ያ አይን የሚያስለቅሰውና የሚያስነጥሰው ሽታ ብዙ ጊዜ "በረኪናው ሃይለኛ ነው" ተብሎ የሚታለፈው እሱ ነው።

አረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ጋ ደግሞ ይብሳል። እዛ ቤት ውስጥ ክሎሮክስ የሚባለው በረኪና አለ፣ አረቦቹ ፍላሽ የሚሉት አሲድ አለ፣ ማዳም ሁለቱንም ገዝታ ታስቀምጣለች፣ መለያው አረብኛና እንግሊዝኛ ነው፣ ሻወር ቤቱ ጠባብ ነው፣ ኤሲው እንዳይወጣ ተብሎ በሩ ይዘጋል። አንዷ ሌላዋን የምታስተምራት "ሁለቱን ስትቀላቅይው ነው ቶሎ የሚያነጣው" ብላ ነው። እውነት ለመናገር አያነጣውም እኮ፣ አሲዱና በረኪናው እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ የሚያነጣው ክሎሪን ወደ አየር ወጥቶ ሄዷል፣ ወለሉ ላይ የሚቀረው ጨዋማ ውሃ ነው። እና አደጋው ብቻ አይደለም፣ ስራውንም ያበላሸዋል። መጀመሪያ አሲዱን፣ ከዛ በብዙ ውሃ ማጠብ፣ በረኪናውን በሌላ ቀን፣ እንደዛ ነው የሚነጣው።

ከበርሊንግተን ጥቂት ወር በኋላ ኮቪድ መጣ፣ ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በኤፕሪል 2020 አንድ ሪፖርት አወጣ፣ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባሉት ሶስት ወራት የመርዝ መረጃ ማዕከሎች ስለ ማጽጃና ጸረ ጀርም 45,550 ጥሪ ተቀብለዋል፣ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት በ20.4 በመቶ ይበልጣል። አብሮ አንዲት ሴት ምሳሌ ሆና ቀርባለች። ዜና ላይ ከገበያ የመጣ ነገር ሁሉ ሳይታጠብ እንዳይበላ ሲባል ሰምታ፣ የእቃ ማጠቢያዋን ገንዳ በረኪና፣ አቼቶ እና ሙቅ ውሃ ሞልታ አትክልቱን ዘፈዘፈች። ወዲያው ክሎሪን ሸተታት፣ ትንፋሽ አጠራት፣ ሳል ያዛት፣ ደረቷ ሲር ሲር አለ፣ 911 ደወለች። ኦክስጅንና የትንፋሽ መድሃኒት ተሰጥቷት፣ የደረት ራጅዋ ምንም ሳይኖረው፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ይቺን ሴት ከማናጀሩ ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጣት ነው አደጋ የሚባለው ነገር ሚዛኑ የሚታየኝ። ሪአክሽኑ አንድ ነው። እሷ ጋ ደካማ አሲድ፣ የቀጠነ በረኪና፣ ወገብ ከፍታ ላይ ያለ ገንዳ፣ እና ስትታፈን እጇን ሰብስባ ስልክ ያነሳች ሰው። እሱ ጋ ጠንካራ አሲድ፣ ጠንካራ በረኪና፣ ወለል ላይ የተዘረጋ፣ እና እየታፈነ የሚሰራ ሰው። የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሁለቱን በአንድ መስመር ነው የሚጽፋቸው።

እሺ በረኪና ብቻውን ከሆነስ? እዚህ ላይ የኔ ግምት ከብዙ ሰው ይለያል። የቤት ውስጥ ነገሮችን በአደጋ ቅደም ተከተል አስቀምጥ ብባል በረኪናን ከላይ አላስቀምጠውም። ልጅ አንዴ ጉንጭ የቤት በረኪና ቢጠጣ አብዛኛውን ጊዜ አፍና ጉሮሮ መለብለብ፣ ማስመለስ ነው የሚያመጣው፣ ሽታውና ጣዕሙ ራሱ ከአንድ ጉንጭ በላይ አያስጠጣም፣ ጠንካራው የፋብሪካው ከሆነ ግን ሌላ ነው። ከሱ በላይ የማስቀምጠው ኮስቲክ ሶዳ ነው፣ ሳሙና የሚሰሩ ቤቶች ጋ የማይጠፋው፣ የተዘጋ ቱቦ መክፈቻም እሱ ነው። እሱ ሲዋጥ የምግብ ቧንቧውን ይበላዋል፣ ልጁ ቢተርፍ እንኳን ቧንቧው ሲድን እየጠበበ ሄዶ ውሃ ለመዋጥ ለዓመታት በሐኪም መሳሪያ እየተከፈተ ሊኖር ይችላል። ከዛ ነጭ ጋዝ። ነጭ ጋዝ ሆድ ውስጥ የሚያደርሰው ብዙ አይደለም፣ አደጋው ሲዋጥ ወይ ሲያስመልስ ትንሽ ጠብታ ወደ ሳንባ ስትገባ ነው፣ ለዚህ ነው ልጁን አስመልሱት የሚለው የጎረቤት ምክር የሚገድለው። ወተት አጠጡት የሚለውም ያው ነው፣ ሆድ ሲሞላ ማስመለስ ይመጣል።

ከሁሉም በላይ ግን ከሰል። ማንም ኬሚካል ነው ብሎ አያስበውም፣ መለያ የለውም፣ ሱቅም አይደብቀውም፣ ቡና ተፈልቶበት ፍሙ ሳይጠፋ "ቤቱን ያሙቀው" ተብሎ ይተዋል፣ በር ይዘጋል፣ ይተኛል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ጉልበት ነው፣ ሽታ የለውም፣ አይን አይለበልብም፣ አያስነጥስም። ክሎሪን ውጣ ብሎ ይጮህብሃል፣ ይሄኛው እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኝሃል። ውጭ አገር ያለነውም አላመለጥንም፣ ፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በብርድ መብራት ሲጠፋ ሰው ቤት ውስጥ ከሰል እያነደደ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና እያስነሳ ሲሞቅ በዚሁ ጋዝ የሞቱት ውስጥ ሂውስተን ያሉ የኛ ሰዎችም አሉበት። እና በረኪናውን ከፍ ያለ ቁምሳጥን ላይ ሰቅሎ ምድጃውን መኝታ ቤት የሚያስገባ ቤት ካያችሁ የተፈራውና የሚገድለው ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው።

ወደ ኩሽናው ልመለስ። አሜሪካ ሆቴል ጽዳት፣ ሆስፒታል፣ ሬስቶራንት ውስጥ የሚሰራ አበሻ ብዙ ነው፣ ስለዚህ ይሄ ይጠቅማል፦ አሰሪ ለእያንዳንዱ ኬሚካል ኤስዲኤስ የሚባል ባለ 16 ክፍል የደህንነት መረጃ ወረቀት ሰራተኛው በቀላሉ የሚያገኘው ቦታ ላይ ማስቀመጥ አለበት፣ ሕግ ነው፣ ስልጠናውንም ሰራተኛው በሚገባው ቋንቋ መስጠት አለበት። አስራ ስድስቱንም ማንም አያነብም፣ እኔም ሁሉንም አንብቡ አልልም። ክፍል 10ን ብቻ አውጡና እዩ፣ ከምን ጋር መገናኘት እንደሌለበት የሚጻፈው እዛ ነው። በረኪና ላይ አሲድ፣ አሞኒያ ይላል፣ አሲዱ ላይ ሃይፖክሎራይት ወይ ክሎሪን ያለበት ማጽጃ ይላል። ሁለት ወረቀት አንዱ የሌላውን ስም ከጠራ እነዛ ሁለቱ አንድ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ የለባቸውም፣ በተለይ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆኖ። ከትልቁ ጀሪካን ወደ ትንሽ መርጫ ስትቀዱም ስሙን ጻፉበት፣ ማርከር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ የሚቀጥለው ሺፍት ላይ የሚገባው ሰው ውሃ መስሎት ነው የሚያነሳው። አሲድ ከፈሰሰ ደግሞ በውሃ ታጥቦ ሳያልቅ ጥሎ መሄድ የለም፣ መሄድ ግድ ከሆነ ሰው እዛ ማቆም ነው፣ በርሊንግተን ላይ ነገሩ የተጀመረው የፈሰሰው ወለሉ ላይ ስለቀረ ነው።

ከተነፈሳችሁ ወዲያው ክፍት አየር ውጡ፣ ጋዙ ከባድ ስለሆነ ቤዝመንት ወይ ዝቅ ያለ ቦታ አትሂዱ፣ ከፍ ወዳለው ሂዱ። ልብስ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቁ፣ አይን ከነካ በብዙ ንጹህ ውሃ ለደቂቃዎች እጠቡ፣ ሎሚ ምናምን አትጠቀሙ። ሌላ ሰው ውስጥ ወድቆ ካያችሁ ልቤ አይችልም ብላችሁ ጭንብል ሳይኖር ዘላችሁ አትግቡ፣ የኮቪድ ማስክም ሆነ እርጥብ ጨርቅ ክሎሪን አያቆምም። አሜሪካ ያላችሁ የመርዝ መረጃ ስልክ 1-800-222-1222 ነው፣ ነጻ ነው፣ 24 ሰዓት ይሰራል፣ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን እሱን ትታችሁ 911። ሐኪም ቤት ስትሄዱ "ኬሚካል ሸተተኝ" ብቻ ብላችሁ አትቅሩ፣ የሁለቱንም እቃ መለያ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አሳዩ፣ ከመቼ ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ ተናገሩ፣ አስም ካለባችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። ሻል ብሏችሁ ወደ ቤት ከላኳችሁም የዛን ለሊት ብቻችሁን አትደሩ፣ ሳሉ ከባሰ ወይ አረፋ አረፋ የሚል አክታ ከመጣ በዛው ሰዓት ተመለሱ።